ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወተትና ፕሮቲን

ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያሳነሰ ሰው፥ ድሮ ይስማማው የነበረው ወተት ሆዱን ሲነፋውና ሲያስቀምጠው፥ ከወተቱ ጋር የፕሮቲኑንም ዱቄት እርግፍ አድርጎ ቢተው ታላቅ ስሕተት ነው። ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው ሰው ባጠቃላይ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያዛሉ፤ ይህ ከጎደለ ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውም ይመነምናል።

የችግሩ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑ ሳይሆን ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ነው። ባይፓስ በተባለው ቀዶ ሕክምና ምግቡ የቀጭኑን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ስለሚያልፍ፥ ላክቶስን የሚፈጨው ላክቴስ የተባለው ኢንዛይም ሊያንሰው ይችላል። ያልተፈጨውም ስኳር ትልቁ አንጀት ደርሶ በባክቴሪያ ሲብላላ ጋዝ ይፈጥራል።

እንግዲህ መፍትሔው መተው ሳይሆን መምረጥ ነው። እርጎ ከወተት ያነሰ ላክቶስ አለው። ከአጓት ከሚሠሩት ዱቄቶችም አይሶሌት የሚባለው ላክቶሱ እጅግ የተቀነሰለት ነው፤ እርሱም ካልተስማማ የአኩሪ አተር ዱቄት አለ። ስኳር የበዛበት መጠጥ ደግሞ ብቻውን ላብና የልብ ትርታ ሊያመጣ ስለሚችል፥ የዕቃውን ጽሑፍ አንብቦ መግዛት፥ ቀስ እያሉም መጎንጨት ይገባል። ሕመሙ ከቀጠለ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጥፋተኛው ሳይለይ ፍርድ አይሰጥም፤ ለሆድም ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው።