የቆመ የንግድ ኮምፒዩተር ከመጥፋቱ በፊት ይመርመር

የመተማ ሰሊጥ ከገበሬው ማሳ ወጥቶ ወደ ውጭ አገር እስኪጫን ድረስ በብዙ መዝገብ ያልፋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራውን ሲጀምር ሻጭና ገዢ ዋጋ የሚቆርጡት በድምፅ ጥሪና እጅ ለእጅ በመማታት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ግብይቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ ተሸጋገረ። ብዙ ነጋዴዎችም መጋዘናቸውንና ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር መያዝ ስለ ለመዱ፥ የፕሮግራም ስሕተት ዛሬ የነጋዴውም ጉዳይ ሆኗል።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ባለሙያዎች «ስሬድ» ወይም ክር የሚሏቸው፥ ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ መስመሮች አሉ። እነዚህም በአንድ ቢሮ እንዳሉ ጸሐፊዎች ይመሰላሉ። አንደኛው ጸሐፊ የመጋዘኑን መዝገብ ቆልፎ የገንዘቡን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የገንዘቡን ቆልፎ የመጋዘኑን ይጠብቃል እንበል። ሁለቱም የያዙትን ስለማይለቁ ሥራው ይቆማል፤ የጭነት መኪናውም ከመጋዘኑ በር ላይ ይውላል።

ይህን የሚመረምረው መሣሪያ ዲበገር ይባላል። ከዚህም ዓይነት ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈው፥ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ጂ.ዲ.ቢ. የታወቀ ነው። መሣሪያው ፕሮግራሙን ገትቶ እያንዳንዱ መስመር የት እንደ ደረሰ ያሳያል። ይሁን እንጂ መስመሮቹ ሲበዙ አንድ በአንድ መጠየቅ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 7.0 እትም ወዲህ ግን ባለሙያው በፓይተን ቋንቋ የራሱን ትእዛዝ ሊጨምርበት ይችላል። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ መስመሮቹን ሁሉ በየተራ እየጎበኘ ቁጥራቸውንና የቆሙበትን ስፍራ ይዘረዝራል። በሊኑክስ የተለመደው ቁልፍ የያዘውን መስመር ቁጥር በውስጡ ስለሚያኖር፥ ሁለቱን ቁጥሮች በማስተያየት ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይለያል።

ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም መስመሮቹ ሁሉ መዝገቦቹን በአንድ ቅደም ተከተል፥ አስቀድሞ የመጋዘኑን ቀጥሎም የገንዘቡን፥ እንዲይዙ ማድረግ ነው።

ነጋዴው ግን ኮምፒዩተሩ ሲቆም ወዲያው አጥፍቶ ያስነሣዋል። ሥራው ለጊዜው ይቀጥላል፤ ማስረጃው ግን ይጠፋል፤ ስሕተቱም ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው ከማጥፋቱ በፊት የፕሮግራሙን የማስታወሻ ቅጂ እንዲያስቀር፥ ምርመራውንም ኋላ በቅጂው ላይ እንዲያካሂድ መዋዋል ይገባል። ቅጂው የደንበኞችን ምስጢር ሊይዝ ስለሚችል እንደ ሒሳብ መዝገብ ተቆልፎ ይቀመጥ። ዝግጅቱም የሰሊጥ አጨዳ ሳይደርስ፥ በክረምቱ ወራት ቢፈጸም ይመረጣል።