የውሻ ቀላል ቁስል የቤት ውስጥ አያያዝ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ውሻ የቤትና የከብት ጠባቂ ነውና ቆዳው በእሾህ ወይም በአጥር ሽቦ መጫሩ አይቀርም። እኔ ግን ከሕክምናው አስቀድሜ የምጠይቀው የቁስሉን መንሥኤ ነው። የሌላ ውሻ ወይም የቀበሮ ንክሻ ከሆነ፣ ይልቁንም ውሻው ካልተከተበ፣ በባዶ እጅ ሳይነካ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። ለሐጩ የተቆረጠ እጁ የተጋለጠ ሰውም እጁን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ቁስሉ የእሾህ ጭረት ብቻ ከሆነ፣ ትንፋሹን ሳያግዱ አፉን በጨርቅ ማሰር ይገባል፤ ገራም ውሻም ሲያመው ይነክሳል። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ተጭኖ ማቆም፣ በዙሪያው ያለውን ፀጉር መቁረጥ፣ ከዚያም ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ደጋግሞ ማጠብ ነው። አልኮል ሊሽር ያለውን ሥጋ ይጎዳል። ቡና መነስነስንም አልደግፍም፤ ደሙን ያቆመ ቢመስልም ቆሻሻውን ከውስጥ ይቀብረዋል። ለሰው የተገዛ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ፈጽሞ አይሰጠው፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ስለሚጥል ጠዋትና ማታ ፀጉሩን ገልጦ ማየት ያሻል፤ ያበጠ፣ የሸተተ ወይም ትል የታየበት ቁስል የሐኪም ነው።