ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት የምትጨምሩ ሰዎች፣ ተዉ!

ዛሬ ጋራዥ በፒካፕ ተጭኖ የመጣ አፓቺ ሞተርሳይክል የፊት ጎማው በእጅ ተገፍቶ አልዞር አለ። ዲስኩ ከግለት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። የፍሬኑን ማስተር ፈትቼ ጎሚኒውን ሳወጣው አብጦ ተመልሶ ሊገባ አልቻለም። ልጁን «ምን ጨመርክበት?» ስለው «የሞተር ዘይት፤ ቪዲዮ ላይ ይቻላል ሲሉ ሰምቼ» አለኝ። በዚህ ፍሬን ደጀን ሊሄድ ነበር! ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው።

ፍሬን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ በትክክል ከሆነ።

1. ቱቦውን ከመፍታታችሁ በፊት ሸራዎቹን አውጡና የእጅ ፍሬኑን በቀስታ እየጨመቃችሁ ፒስተኑን አስወጡት። በኮምፕረሰር ከሆነ ፊት ለፊቱ ጣታችሁን አታድርጉ፤ እንጨትና ጨርቅ አስቀምጡ።

2. ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ ነጩ ዝቃጭ እስኪለቅ አጽዱ። ካልጸዳ አዲሱ ጎሚኒም ፒስተኑን ያጣብቀዋል። ዝገት የበላውን ፒስተን ቀይሩት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት።

3. ማጠቢያው አልኮል ወይም ራሱ የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ተራ ግራሶ በጭራሽ!

ይህን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራው ለግላይኮል ነው፤ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ከዚያ ወገን ናቸው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከእነሱ ጋር አይቀላቀልም። የዘይት ቋቱ ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የሞተር ዘይት ሲገባ ጎሚኒው ይጠጣውና ያብጣል። ማስተሩ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ፍሬን ስትለቁ ትርፉ ዘይት ወደ ቋቱ የሚመለሰው በእሷ ነው። ያበጠ ጎሚኒ ይደፍናታል። ያኔ ፍሬኑ ሳትነኩት ይይዛል፣ ይግላል፣ ዘይቱ በግለት ሲሰፋ የባሰ ይይዛል፤ በመጨረሻ ጎማው ይቆለፋል። «ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚሉት ጎሚኒው ለማበጥ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ሰው እየነዳ ሳለ የሚቆለፍ ነገር ለተመልካች ብዛት ተብሎ አይለጠፍም!

ውሃ የሚጨምሩም አሉ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲስብ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚባለውም ለዚህ ነው። ውሃ ግን አዲስ አበባ ላይ 100 እንኳ ሳይደርስ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፍሬኑ ባዶ ይሆናል።

ለቦሎ የሚመረምሩትስ? ጋራዤ ከሚመጡት ሞተሮች ስንቱ ቦሎ ተለጥፎበት የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል! መብራትና ጥሩምባ አይቶ ማኅተም መምታት ምርመራ አይደለም። የቋቱን መስታወት ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ወደ ሥራው ልመለስና በአየር ማስወጣቱ ልጨርስ። ቱቦውን ስትገጥሙ የመዳብ ሮንዴላዎቹን በአዲስ ቀይሩ። የእጅ ፍሬኑን ጨምቃችሁ ያዙ፣ የአየር ማስወጫውን ብሎን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ልቀቁ። ሳትዘጉ ከለቀቃችሁ አየር መልሶ ይገባል። ቋቱ እንዳይጎድል እየሞላችሁ፣ ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እያጠባችሁ። የሞተር ዘይት የገባበት ፍሬን ግን በማጠብ አይድንም፤ የማስተሩም የካሊፐሩም ጎሚኒ፣ የክዳኑ ጎማ፣ ቱቦውም ጭምር ይቀየራል። ካሊፐሩ ሲገጠም ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ነው፤ ቆማችሁ ሳለ እስኪጠነክር ጨምቁ።