የሐርጌሳው ሚግ እና የወደቀ አውሮፕላን አነሣሥ

ከአያሃ ወደ መሀል ሐርጌሳ የሚሄድ ሰው ሐውልት ላይ የተሰቀለውን የጦር አውሮፕላን ሳያይ አይመለስም። ለመሆኑ ይህ አውሮፕላን ምንድን ነው? እዚያስ ለምን ተሰቀለ?

አውሮፕላኑ ሚግ 17 ይባላል። በሶቭየት ኅብረት የተሠራ፣ አንድ አብራሪ ብቻ የሚይዝ ጄት ነው። ርዝመቱ 11 ሜትር ያህል ሲሆን ሦስት መድፎች አሉት።

በግንቦት 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ በገቡ ጊዜ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ብዙዎቹም በጅጅጋ አካባቢ በሃርትሼክ ሠፈሩ። ይህ ሚግ በከተማይቱ አቅራቢያ የወደቀ ሲሆን፣ በኋላ ለመታሰቢያ ተሰቀለ።

የወደቀ የጦር አውሮፕላን ሲነሣ ሥራው ቅደም ተከተል አለው።

1ኛ/ የፈንጂ ባለሙያዎች ቦምቡንና ጥይቱን ያወጣሉ። በአደጋ ጊዜ አብራሪውን የሚያስፈነጥረው ወንበርም በባሩድ ስለሚሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል።

2ኛ/ የቀረው ነዳጅና ዘይት ይቀዳል።

3ኛ/ ስብርባሪው ባለበት ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይመዘገባል። ከዚያም ክንፎቹ ተፈትተው በከባድ መኪና ይጫናል።

4ኛ/ አካሉ ታጥቦ ይመረመራል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ባይዝግም ከብረት ብሎን ጋር በተነካካበት ቦታ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል። የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፤ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል።

አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ከተፈለገ ሞተሩ ሁሉ ተፈትቶ መጠገን አለበት፤ ይህም ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ለመታሰቢያ ከሆነ ግን ሳይወድቅ እንዲቆምና እንዳይበላሽ ማድረግ ይበቃል።

ተማሪዎች ልብ በሉ! ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የፈንጂ ባለሙያ ነው። በዚህ አገር ፈንጂ የማጽዳት ሥራ ዓመታት ፈጅቷል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን የማታውቁትን ብረት ለቁራሌ ለመሸጥም ሆነ ለመጫወቻ አታንሡ፤ በድንጋይ አትምቱ፤ እሳት ውስጥ አትጣሉ። ቦታውን በሩቁ አስታውሳችሁ ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

ወላጆችም ይህን ሐውልት ለልጆቻችሁ ስታሳዩ አንድ ነገር አክሉበት። ዛሬ ጎረቤቶቻችን ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ ትናንት በእኛ አገር ስደተኞች ነበሩ። ስደት ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።