ቀጭን ፊደል በዲላ ታፔላዎች ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውን መንገድ ይዘን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ዲላን እናገኛለን። ወደዚህች ከተማ የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ የሚያደንቀው ቡናዋንና እንሰቷን ነው። እኛ ግን ዛሬ ዐይናችንን ወደ ላይ አንሥተን ታፔላዎቿን ልንመለከት ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ታፔላ የመሥሪያ ቤትና የሕዝብ መነጋገሪያ ነውና ቸል ሊሉት አይገባም።

በጌዴኦ ዞን አንድ ታፔላ ሦስት ቋንቋ ሊሸከም ይችላል፤ አማርኛ፣ ጌዴኡፋና እንግሊዝኛ። አማርኛው በግዕዝ ፊደል፣ ሁለቱ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚያስር ቦታ ይቆጥባል፤ ላቲኑ ግን ለያይቶ ይጽፋል። «ይርጋጨፌ» በእኛ 5 ፊደል ሲሆን በላቲን 11 ነው። «ዲላ ዩኒቨርሲቲ» 8 ሲሆን በእንግሊዝኛ 15 ነው። የቆርቆሮው ወርድ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ስለዚህ ታፔላ ጻፊው ጠባብና ቀጭን ፊደል ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ፊደል በውጭ አገር የቆየ ነው። በጫፉ ጌጥ የሌለው የላቲን ማተሚያ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1816 በለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ አድሪያን ፍሩቲገር የተባለው የስዊስ ሰው «ዩኒቨርስ» የተባለውን ቤተሰብ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ዐይነት ቁጥር ሰጠው፤ 39 ቁጥር እጅግ ቀጭንና እጅግ ጠባብ የሆነው ነበር። ጠባብ ፊደል ለምን ይቀጥናል ቢሉ፣ ፊደሉ ሲጠብ ወፍራም መስመር በውስጡ ያለውን ነጭ ቦታ ስለሚሞላው ነው። የሚነበበው ጥቁሩ ብቻ ሳይሆን ነጩም ጭምር ነውና።

በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ጉልህና ረቂቅ ብለው ሁለቱን አጻጻፍ ይለዩ ነበር። ረቂቁን ሲጽፉ ግን ብዕሩን ራሱን ቀጭን አድርገው ይቀርጹታል እንጂ ጉልሁን ፊደል አይጨምቁትም። ዛሬ የሚታየው ስሕተት ይህን መርሳት ነው። በኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ፊደል ከግራና ከቀኝ ሲጫኑት የቆመው መስመር ይሳሳል፤ የተጋደመው ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ፊደሉም እግሩ ሰልሎ ራሱ የከበደ ሰው ይመስላል።

ከሁሉ የሚብሰው የቅጥያው ጉዳይ ነው። በ«ደ» ላይ ቅጥያው ከቀኝ እግር ወገብ ሲወጣ «ዱ»፣ ከግርጌው ሲወጣ «ዲ» ይሆናል። ፊደሉ ተጨምቆ ይህች ቅጥያ ካጠረች «ዲላ» ከሩቅ ላየው ሰው «ዱላ» ወይም «ደላ» ቢመስል ምን ይደንቃል? በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው አገኘናቸው። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ከዚህ ግን አይታየኝም» አሉን። እኛም ሁለት እርምጃ ቀርበን ካላየን ማንበብ አልቻልንም። ሰውየው ያልተማሩ ሆነው አይደለም፤ ታፔላው እንዲያፍሩ አደረጋቸው እንጂ።

ለምን ጥሩ ቀጭን የግዕዝ ፊደል አይበዛም? ላቲን ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ነው፤ የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኀዙና ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ሠዓሊው ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሣል አለበት። ሆኖም መንገዱ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የተባለው በነጻ የሚገኝ ፊደል ደግሞ ከቀጭን እስከ ደማቅ ዘጠኝ ውፍረትና አራት ወርድ አለው። ታፔላ የሚያሠራ ሹም እንግዲህ ሳይጨምቅ መምረጥ ይችላል።

ለወጣት ሠራተኞችና ለተማሪዎች ይህን እናሳስባለን። ቀጭን ፊደል ለትልቅ አርእስት፣ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለጠባብ የሠንጠረዥ ራስ ያምራል። ለመንገድ ምልክት፣ ለመድኃኒት ጽሑፍና ለመታወቂያ ግን አይሆንም። ስሙ ከቆርቆሮው አልገባ ካለ ፊደሉን ከመጨቆን ቆርቆሮውን ማስረዘም ይሻላል። ሦስቱም ቋንቋዎች እኩል ይነበቡ፤ የአንዱ ስም ገዝፎ የሌላው እንደ ክር ቢሳሳ ታፔላው ሳይናገር አድልዎ ይናገራል። ከመሰቀሉ በፊት ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ርቆ አንድ አረጋዊ እንዲያነቡት መጠየቅ ወጪ የለውም።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክአ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዳ ሲበዛ ታፔላም መብዛቱ አይቀርም። በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ቀጥ ያሉና ረዣዥም ናቸው፤ አቁመዋቸው የሄዱት ሰዎች ለዐይን እንዲታዩ አድርገው አቁመዋቸዋል። እኛስ ወደ እነርሱ የሚመራውን ስም በሚነበብ ፊደል መጻፍ እንዴት ያቅተናል?