የራስ ቅልን አሳልፎ ያሳያል የተባለው መነጽር

ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ መነጽር በሰፊው የሚታመነው፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሲያጠልቀው የራስ ቅሉ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ዕጢው ካለበት ይታየዋል የሚል ነው። የማስታወቂያ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ይህንኑ ስለሆነ አማኙን መውቀስ ይከብዳል። ይሁን እንጂ መነጽሩ አጥንት ዘልቆ የሚያይበት ነገር የለውም። የሚያሳየው አስቀድሞ የተነሣ የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ ምስል ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ከሕመምተኛው ጭንቅላት ጋር አገጣጥሞ በሐኪሙ ዓይን ፊት ይደርበዋል። ማገጣጠሙ በጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ፣ ምስሉ ጥራቱ ሳይጓደል ቦታውን ይስታል።

ሐሳቡም ትናንት የተወለደ አይደለም። ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዳርትማውዝ የሲቲ ስካን ምስልን ከቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ጋር ማዋሐዳቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ እጅግ ፈጥኗል፤ የአንጎል ጠባይ ግን ያው ነው። የራስ ቅሉ ተከፍቶ የአንጎሉ ሽፋን ሲቀደድ በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ይፈስሳል፣ አንጎሉ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል፣ ዕጢው እየተነሣ ሲሄድ ደግሞ ቅርጹ ይለወጣል። የአንጎሉ ገጽ 1 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ከቀዶው በፊት የተነሣው ምስል ይህን ሁሉ አያውቅም። ቴክኖሎጂው በአከርካሪ ላይ ቶሎ የሰመረውም፣ እንደሚመስለኝ፣ አጥንት እንዲህ ስለማይሸሽ ነው። ኤክስቪዥን የተባለው መሣሪያ በ2019 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው ለአከርካሪ ነው፤ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞችም በ2020 የተጠቀሙበት በአከርካሪ ውስጥ ብሎን ለማስገባት ነበር።

በቀዶው መካከል በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ምስሉን ማደስ ይቻላል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ ስሕተቱን ያረመው አዲሱ ምስል እንጂ መነጽሩ አይደለም። ታዲያ ጥቅም የለውም? አለው፤ ሐኪሙ ዓይኑን ከሕመምተኛው ወደ ስክሪን እየመለሰ እንዳይሠራ ያግዘዋል። አጥንቱ ከመከፈቱ በፊት የት እንደሚቆረጥ ለማቀድም ሆነ ተማሪ ለማሠልጠን ይበጃል፤ በዚያ ሰዓት አንጎሉ ገና አልተንቀሳቀሰምና። ለዋናው የመቁረጥ ሥራ ግን ሌላም ሳንካ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች የሞከሩት የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ ለቀዶ ሕክምና ታስቦ የተሠራ አልነበረም፦ ምስሉን የሚያሳርፈው 2 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የሐኪሙ እጅ የሚሠራው ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ዓይን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት ይቸገራል። ማይክሮሶፍት የሆሎሌንስ 2 ምርትን በ2024 ስላቆመ፣ በእሱ ላይ የተገነባው ምርምር አሁን ሌላ መሣሪያ መፈለግ ይኖርበታል።