የቤንዚን የስፖርት አውቶሞቢል ናፍቆትና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኤውሮጳ፣ በአሜሪካና በሩቅ ምሥራቅ የአውቶሞቢል ገበያ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። የቤንዚን የስፖርት አውቶሞቢሉን ሸጦ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የገዛ ሰው፣ በአዲሱ ንብረቱ ፍጥነት፣ ጸጥታና የወጪ ማነስ ደስ እያለው፣ የሸጠውን አሮጌ አውቶሞቢል በናፍቆት ሲያነሣ ይሰማል። በሚዛንና በሰዓት ሲለካ የሚበልጠውን ይዞ፣ ያነሰውን ይመኛል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል።

ይህ ነገር የጥቂት ባለጸጎች ቅብጠት ብቻ ቢሆን ኖሮ በንግድ ጋዜጣ ላይ ሊነሣ ባልተገባው ነበር። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሲናፍቅ፣ ለነጋዴ ገዢ ተፈጠረ ማለት ነው። ታላላቅ ፋብሪካዎችም በዚሁ ምክንያት ዕቅዳቸውን ሲለውጡ ታይተዋል። ስለዚህ የሚናፈቀው ነገር በእርግጥ ምን እንደ ሆነና ለነጋዴው ምን ትምህርት እንዳለው መመርመር ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ዘመናት በኤውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ፍጥነት የሚናፈቅ አይደለም

የቤንዚን ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው፣ አየርና ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ተቀላቅለው በካንዴላ ብልጭታ ሲቃጠሉ ነው። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ መሽከርከር ሲጀምር ስለ ሆነ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ የግድ ያስፈልጉታል። ከቤንዚኑም ኃይል የሚበዛው በሙቀትና በጭስ ይባክናል፤ ወደ ጎማው የሚደርሰው በአብዛኛው ከሲሶ ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከቆመበት ቅጽበት ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል፤ ከተቀበለውም ኃይል በመቶ 90 ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል። በክሮኤሺያ አገር ሪማክ የተባለው ኩባንያ በ2021 ያወጣው «ኔቬራ» የተባለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፣ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ፣ በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ለኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ምግቡ ስላልሆነ፣ በጅቡቲ ወደብም ሆነ በእንጦጦ ዳገት ጉልበቱ አንድ ነው።

እንግዲህ የሚናፈቀው ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ናፍቆቱ ባልተፈጠረ ነበር። ምክንያቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ ያስፈልጋል።

የሚናፈቁት ሦስት ነገሮች

አንደኛው ድምፅ ነው። የቤንዚን ሞተር ድምፅ ለነጂው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ወሬ ነጋሪም ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ቃናው እየቀጠነ ከፍ ይላል፤ ነጂውም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ማርሽ የሚለውጥበትን ጊዜ በጆሮው ያውቃል። ባለ አራት፣ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች የየራሳቸው ድምፅ ስላላቸው፣ የለመደ ሰው አውቶሞቢሉን ሳያየው ይለየዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ጸጥታ ለከተማ ዕረፍት ቢሆንም ከመጠን ሲያልፍ አስቸግሯል፤ የኤውሮጳ ኅብረት እግረኞች እንዳይገጩ በማሰብ፣ ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ዓይነቶች በዝግታ ሲሄዱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰሙ ደንግጓል።

ሁለተኛው የእጅና የእግር ሥራ ነው። ፍሪሲዮን በልኩ መርገጥ፣ ማርሽ በጊዜው ማስገባት፣ በቁልቁለት ሞተሩን እንደ ፍሬን መጠቀም በልምድ የሚገኝ ሙያ ነው። ነጂው ቢሳሳት ማርሹ ይጮኽበታል፤ ቢያሳምረው ደግሞ ደስታው የራሱ ነው። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች የሚለወጥ ማርሽ የላቸውም፤ ረግጦ መሄድ ብቻ ነው። ፈረስ ጋላቢ የነበረ ሰው በሠረገላ ተሳፍሮ ቶሎ ቢደርስ መድረሱን ይወደዋል፤ ነገር ግን ልጓሙ ከእጁ መውጣቱን አይረሳም።

ሦስተኛው ቅለት ነው። የአሜሪካው ቴስላ ኩባንያ በ2008 የመጀመሪያውን የስፖርት አውቶሞቢሉን ለገበያ ሲያቀርብ መሠረት ያደረገው የእንግሊዙን «ሎተስ ኤሊዝ» ነበር። ኤሊዝ ክብደቱ ከ900 ኪሎ ግራም ያነሰ ሲሆን፣ የቴስላው ግን ባትሪው ብቻውን 450 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ነበረ አጠቃላይ ክብደቱ 1,300 ኪሎ ግራም ገደማ ደረሰ። እንዲሁም የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት ያቀረበው የመጀመሪያው «911» 1,100 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በ2019 ያወጣው የኤሌክትሪክ «ታይካን» ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ከባድ አውቶሞቢል በቀጥታ መንገድ ላይ ሊፈጥን ይችላል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ነጂው ሸክሙን በመሪው በኩል ያውቀዋል።

ፋብሪካዎች ናፍቆቱን እንዴት እንደ ሸጡት

ፋብሪካዎቹ ይህን ነገር ለመገንዘብ አልዘገዩም። ፖርሽ ለታይካን ገዢዎች ሰው ሠራሽ የስፖርት ድምፅ በተጨማሪ ዋጋ አቀረበ። የኮሪያው ሂዩንዳይ በ2023 «አዮኒክ 5 ኤን» የተባለውን አውቶሞቢል ሲያወጣ፣ በውስጡ የሌለውን ባለ ስምንት ማርሽ የሚያስመስል መሣሪያ አበጀለት፤ ነጂው «ማርሽ» ሲለውጥ አውቶሞቢሉ ጥቂት ይገፋዋል፣ ድምፁም አብሮ ይለወጣል። የአሜሪካው ዶጅ ደግሞ ለኤሌክትሪክ «ቻርጀር» አውቶሞቢሉ እስከ 126 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ እንደሚያበጅ በ2022 አስታወቀ።

ይሁን እንጂ አስመስሎ መሥራት ሁሉንም ገዢ አላረካም። ዶጅ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ቻርጀር በ2023 መጨረሻ ላይ መሥራት አቁሞ ነበር፤ ዳሩ ግን በ2025 ለአዲሱ ቻርጀር ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አቀረበ። ፖርሽም በመስከረም 2025 አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቅዶቹን ወደ ኋላ አዘግይቶ፣ የቤንዚን ሞዴሎቹን ዕድሜ እንደሚያራዝም አስታወቀ። የሪማክ ኩባንያ መሥራች ማቴ ሪማክ ራሳቸው በ2024 እንደ ተናገሩት፣ እጅግ ውድ አውቶሞቢል የሚገዙ ባለጸጎች የሚፈልጉት የኤሌክትሪክን ሳይሆን የቤንዚን ሞተርን ነው። ለዚህም ምሳሌ ያደረጉት የእጅ ሰዓትን ነበር።

ከሰዓትና ከትንሿ አውቶሞቢል ታሪክ

የሰዓቱ ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ በታኅሣሥ 1969 በኳርትዝ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ዋጋው 450,000 የን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ዋጋ ያህል ነበር። የኳርትዝ ሰዓት በትክክለኛነቱ ከጥርስና ከጠምዛዛ ሽቦ ከተሠራው ሰዓት እጅግ በለጠ፤ በኋላም ዋጋው ረከሰ። በዚህም ምክንያት በስዊስ የሰዓት ሥራ ተቀጥረው የነበሩት ሠራተኞች በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ 30,000 ያህል ብቻ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የጥርሱ ሰዓት እንደ ጌጥና እንደ ጥበብ ሥራ ሆኖ በውድ ዋጋ ተመለሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁሉም አልተመለሰም፤ በጣም የተወደዱት ተረፉ፣ ተራ ሰዓት ይሠሩ የነበሩት ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው ቀሩ። ናፍቆት ምርጡን ያድናል እንጂ ሙያውን በሙሉ አያድንም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። በ1960ዎቹ ዓመታት እንግሊዞች እንደ 1962ቱ «ሎተስ ኢላን» ያሉ ትንንሽና ቀላል የስፖርት አውቶሞቢሎች ይሠሩ ነበር። የእነዚህ ዓይነቶች ሥራ እየተዳከመ ሄዶ በ1980 የ«ኤም ጂ ቢ» ምርት ሲቆም፣ ብዙ ወዳጆቻቸው አዘኑ። የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ይህን ናፍቆት አጥንቶ በ1989 በቺካጎ ትርኢት ላይ «ኤም ኤክስ 5» የተባለችውን አውቶሞቢል አቀረበ። ክብደቷ 1,000 ኪሎ ግራም የማይሞላ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ማርሿ በአጭር እንቅስቃሴ የሚገባ ነበረች። ከእንግሊዞቹ አውቶሞቢሎች የተተወው ዘይት ማንጠባጠብና በየመንገዱ መቆም ብቻ ነበር። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች፤ ባለ ሁለት መቀመጫና ጣሪያው የሚከፈት ሆኖ ይህን ያህል የተሸጠ የስፖርት አውቶሞቢል የለም።

የማዝዳ ብልኀት ግልጽ ነው። ገዢው «አሮጌው አውቶሞቢል ናፈቀኝ» ሲል፣ የሚናፈቀውን ከማይናፈቀው ለይቶ አወቀ። ጭሱን፣ የቤንዚኑን ሒሳብ፣ የጋራዡን ወረፋ የሚናፍቅ ሰው የለም። የሚናፈቀው የእጅ ሥራው፣ ድምፁና ቅለቱ ነው።

ለአገራችን ነጋዴ

በአገራችን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ግን በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ የሕዳሴ ግድብም ይህን አጠናክሯል። ስለዚህ ለዕለት ሥራ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚመረጥበት ምክንያት ከናፍቆት የጸና ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ስሕተቶች እንዳይፈጸሙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ስሕተት ናፍቆቱን አይቶ የድሮው ንግድ ሁሉ ይመለሳል ብሎ ማመን ነው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት፣ ፍሪሲዮንና ማርሚታ አይፈልግም፤ ሞተሩም ሲታገዝ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም። ስለዚህ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ መለዋወጫ የሚነግድ ሰው፣ መጋዘኑን በእነዚህ ዕቃዎች ብቻ መሙላቱ ውሎ አድሮ ይጎዳዋል። በአንጻሩ ጎማና የእግር ዕቃ ክብደት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ስለሚያልቁ ፈላጊያቸው አይቀንስም። የጋራዥ ባለቤትም ወጣት መካኒኮቹን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ባለበት ዕቃ ላይ በጥንቃቄ መሥራትን ሊያስተምር ይገባዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም የቤንዚን የሆነውን ሁሉ እንደ ብረታ ብረት ቁራጭ መቁጠር ነው። በአገራችን ያለው የስፖርት አውቶሞቢል ጥቂት ነው፤ ክልከላው ጸንቶ እስከ ኖረ ድረስም ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እንዲህ ያለውን አውቶሞቢል ለመለዋወጫ የሚያፈርስ ሰው፣ ሊተካ የማይችል ንብረት በኪሎ እየሸጠ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል። የሚጠበቅ ከሆነም የፋብሪካው ዕቃ ሳይለወጥ፣ ከነሰነዱና ከነጥገናው መዝገብ ቢጠበቅ ዋጋው ይከበራል። የእንግሊዙ ጃጓር በ2017 የድሮውን «ኢ ታይፕ» በኤሌክትሪክ ሞተር አስገጥሞ አሳይቶ ነበር፤ ነገር ግን ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ሞተሩ እንዲህ የተለወጠ አውቶሞቢል እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ እንደማይቆጠር በ2019 አስታውቋል። ምክንያቱም ሞተሩ ሲወጣ የሚናፈቀው ነገር አብሮ ይወጣልና ነው።

ካርቡራቶርን በጆሮው ብቻ አዳምጦ የሚያስተካክል አሮጌ መካኒክም ከዚሁ ንብረት ጋር የሚቆጠር ነው። አውቶሞቢሉ ተጠብቆ ሙያው ቢጠፋ፣ የቀረው በጎተራ የቆመ ብረት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጋራዦች ከአዲሱ ትምህርት ጎን ለጎን፣ ይህን ዕውቀት ቢያንስ ለአንድ ሁለት ወጣቶች ማውረስ ይገባቸዋል። ብዙ ገበያ ባያገኙበትም፣ የሚፈልጋቸው ገዢ ዋጋ ለመክፈል የተዘጋጀ ይሆናል።

በአጠቃላይ ነገሩ ሲታይ፣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሰውን ጉዞ አቃለለ፤ የቤንዚኑ የስፖርት አውቶሞቢል ደግሞ በጉዞው ላይ ለሰው ሥራ ይሰጠው ነበር። ሰው የቀለለለትን ሲወድ የተወሰደበትን ሥራ ይናፍቃል። ጉዞንም ሆነ ይህን ደስታ መሸጥ የተገባ ንግድ ነው፤ ነጋዴ ግን የሁለቱን ሒሳብ በአንድ መዝገብ ላይ እንዳይቀላቅል ይጠንቀቅ።